ትንሿ የደንገል ታንኳ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ጣና ዳር ይደርሳል። ከአዊ ደጋ ከሚነሡት ወንዞችም ከፊሎቹ ግልገል ዓባይን ተቀላቅለው እዚያው ይገባሉ። ስለዚህ የመርከብ ሞዴል ሠርቶ መደርደሪያው ላይ ለማስቀመጥ የሚፈልግ የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ወጣት ሸራና ምሰሶ ፍለጋ ሩቅ ባሕር መሄድ የለበትም። የጣና የደንገል ታንኳ አለለት።

የታንኳ ባለሙያዎች ተብለው ከጥንት የሚታወቁት የጣና ዳር ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ምስማር አያውቅም። የደረቀ ደንገል እየታሰረ ሆዱና ጎኑ ይሠራል፤ ውስጡ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፋል፣ ተሳፋሪውም ከሚገባው ውኃ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ማሰሪያው ከተፈታ የሚቀረው ክምር ብቻ ነው።

ማሰሪያ ምን ያህል ነፍስ እንደሆነ የዓለም መርከበኞች በጣና ደንገል ተምረዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና ያስቆረጠውን ደንገል ግብፅ ድረስ አስጫነ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሥታ አትላንቲክን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ኋላዋ እየሰመጠ አስቸገረና መንገደኞቹ ጥለዋት ወጡ። ጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባዋ ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጅራቱን ለማቆልመም ብቻ የተሳለ መስሏቸው ትተውት ነበር፤ ገመዱ ግን ኋላዋን እንደ ስፕሪንግ የሚይዝ ነበር። በዓመቱ የተሠራችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ባሕር ዳር ለጎብኚ የሚሸጡት ትንንሽ ታንኳዎች ያምራሉ፤ ሆኖም አብዛኞቹ ከጥቂት ወፍራም ዘንጎች ስለሚታሰሩ የእውነተኛዋን ታንኳ ምጥጥን አይጠብቁም። እዚህ ላይ ነው የሞዴል ሥራ የሚከብደው። 5 ሜትር ታንኳ ወደ ሃያ እጅ ሲያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግም 2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ደንገሉን ግን ማሳነስ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑን ዘንግ በቁመቱ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ነጩ ውስጡ እንዳይፈረፈር በቀጭን ምላጭ፣ ቀስ ብሎ። ከአናቱ በታች ያለው ቀጭኑ ክፍል ለዚህ ይሻላል። ስንጥሩ ደርቆ ከሆነ ትንሽ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ የታንኳዋ አፍንጫ በዚያ ጊዜ ይቆለመማል፣ እስኪደርቅም በክር ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይቆያል። ማሰሪያውን ከመሃል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፎች መሄድ ጥሩ ነው። ከጫፍ ከተጀመረ ትርፉ መሃል ላይ ያብጣል።

ሥራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 በጥንታዊው ግብፃዊ ሹም በመከትሬ መቃብር የተገኙት የእንጨት ሞዴሎች 4000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ከመካከላቸው መረብ የሚጎትቱ ሁለት የደንገል ጀልባዎች ይገኛሉ።

መቆሚያው ከእንጅባራ ቀርቀሃ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቀርቀሃ የአገሩ ሀብት ነው። ግንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ክፍቱ ወደ ታች ይሆናል፤ በላዩ አናታቸው ጎድጎድ ያለ ሁለት ድጋፎች ተተክለው ታንኳዋ በእነሱ ላይ ትጋደማለች። ሙጫ ታንኳዋን መንካት የለበትም፤ ድጋፎቹም ከፍ ይበሉ፣ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ የሆዷን እስር እንዲቆጥር።