ለዳንስ የተሰጠ ልጅ የት ይማር? ማንስ ይክፈልለት?

በለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ አጋዘኖች በነጻነት በሚሰማሩበት ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ፣ ዋይት ሎጅ የሚባል ነጭ ሕንጻ አለ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ የአደን ማረፊያ ሆኖ የተሠራ ነው። ከ1955 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሮያል ባሌት ስኩል ታናናሽ ተማሪዎች ይማሩበታል። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ነው፤ አብዛኞቹም እዚያው ያድራሉ። ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ እንደ እኩዮቻቸው ይማራሉ፤ በ16 ዓመታቸውም ጂሲኤስኢ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። ከሌላው ልጅ የሚለያቸው በየዕለቱ ሰዓታትን በዳንስ አዳራሽ ማሳለፋቸው ነው።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቦታ ሙያዊ የዳንስ ትምህርት ቤት ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ልጅን ለአንድ ሰዓት አስገብቶ ከሚወጣበት የሰፈር ክፍል ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ የሚገባ ልጅ ዳንስን እንጀራው ሊያደርግ ነው የሚገባው፤ ስለዚህም የሚመረጠው በችሎታው፣ በሰውነቱ አፈጣጠርና በፍላጎቱ ነው።

የሮያል ባሌት ስኩል መሥራች ኒኔት ደ ቫልዋ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። በዲያጊሌቭ የሩሲያ ባሌት ቡድን ውስጥ ከጨፈረች በኋላ በ1926 በለንደን ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1931 ወደ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር አዛወረችው። በ1956 ደግሞ ከዘውዱ የንጉሣዊነት ማዕረግ አገኘ። ከ16 ዓመት በላይ ያሉት ተማሪዎች ዛሬ በኮቨንት ጋርደን፣ ከሮያል ኦፔራ ሀውስ ጎን ይማራሉ፤ ትምህርት ቤቱንና ኦፔራ ሀውሱን በፎቅ ላይ የሚያገናኝ ጠመዝማዛ ድልድይ አለ። ከሮያል ሌላ በበርሚንግሃም ኤልምኸርስት፣ በኸርትፎርድሺር ትሪንግ ፓርክ፣ በቼስተር ደግሞ ሐሞንድ አሉ። ትሪንግ ፓርክ ከባሌት በተጨማሪ ትወናና የሙዚቃ ቲያትርም ያስተምራል፤ ስለዚህ ልጁ ወደ የትኛው እንደሚያደላ ገና ላልለየለት ወላጅ ሰፋ ያለ በር ነው።

በእንግሊዝ ያሉ ሐበሻ ወላጆችን ከእነዚህ በሮች የሚመልሷቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቆየ አመለካከት ነው። በአገራችን አዝማሪና ተወዛዋዥ ለሠርግና ለበዓል በጥብቅ ይፈለጋሉ፤ ለልጅ ሙያ ሲመረጥ ግን ስማቸው አይነሳም። ሁለተኛው የክፍያው መጠን ነው። የአዳሪ ተማሪ የዓመት ክፍያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ያን ቁጥር ያየች እናት «ይሄ የሀብታም ልጆች ቦታ ነው» ብላ ትተወዋለች፤ ልጅቷም ሳትሞከር ትቀራለች። እኔ አጥብቄ የምለው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ መሆኑን ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚታየው ልጁ ነው፤ የገንዘቡ ጉዳይ የሚመጣው ልጁ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው።

ይህን ያስቻለው «ሚውዚክ ኤንድ ዳንስ ስኪም» የሚባል የመንግሥት ድጋፍ ነው። ገንዘቡን የሚመድበው የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱም የዳንስ ትምህርት ቤቶች፣ ከአንዳንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ጋር፣ ተጠቃሚዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ በኦዲሽን (በመምረጫ ፈተና) የመረጠውን ልጅ በድጋፉ ስር ያስገባዋል። ከዚያ የወላጆቹ የዓመት ገቢ ይሰላል፤ ሌሎች ልጆች ካሉም ከገቢው ላይ ተቀናሽ ይደረጋል። የሚቀረው መጠን ወላጅ የሚያዋጣውን ይወስናል። ገቢው ከፍ ሲል መዋጮው ከፍ ይላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ከክፍያው ምንም ላይከፍል ይችላል። ለንደን ውስጥ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር እናት ልጅና የባንክ ኃላፊ ልጅ በአንድ መኝታ ቤት ሊያድሩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ድጋፉ ግን ሳይጠየቅ አይመጣም፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል። በድጋፉ የተያዙት ቦታዎች ውሱን ናቸው፤ ጥሩ የጨፈረ ሁሉ አያገኝም። ገቢ የሚታየው በሰነድ ነው፤ ተቀጣሪ የሆነ ወላጅ የደመወዝና የግብር ማረጋገጫውን፣ በታክሲ ወይም በራሱ ሱቅ የሚተዳደር ደግሞ ያስገባውን የግብር መግለጫ ያቀርባል። መግለጫውን የማዘግየት ልማድ ያለው ሰው ችግር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ በየዓመቱ ስለሚታደስም በአንደኛው ዓመት የተባለው መዋጮ እስከ መጨረሻው ጸንቶ ይቆያል ብሎ መተማመን አይገባም። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም አለ። ቤተሰቡ ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ከጣሊያን ወይም ከሳዑዲ የተሻገረ ከሆነ፣ ልጁ ለድጋፉ ብቁ መሆን አለመሆኑን ከኦዲሽኑ በፊት የትምህርት ቤቱን የመግቢያ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። ከጥር 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የ20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሏልና፣ የድሮ የክፍያ ሠንጠረዥ ይዞ ሒሳብ መሥራትም ያሳስታል።

በድጋፉ የማይሸፈኑ ወጪዎችን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ለኦዲሽን መመላለሻ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት መምጫና መመለሻ፣ ለልምምድ ልብስና ጫማ ገንዘብ ይወጣል። በጣት ጫፍ የሚቆምበት የባሌት ጫማ አንዱ ጥንድ ብዙ ጊዜ ከ50 ፓውንድ ይበልጣል፤ ልምምዱ ሲጠነክርም ቶሎ ያልቃል። ጫማው በልማድ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ስለሆነ ጥቁርና ጠይም ዳንሰኞች በቆዳቸው ልክ ቀለም እየቀቡ ሲለብሱት ኖረዋል። በ2018 ፍሪድ የተባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ከባሌት ብላክ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማና የነሐስ ቀለም ያላቸውን አወጣ። ባሌት ብላክ በ2001 የተመሠረተ፣ ጥቁርና እስያዊ ዳንሰኞችን የያዘ የለንደን ቡድን ነው። ጠይም ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ ትርኢታቸውን ይዟት ሄዶ ቢያሳያት እመክራለሁ፤ ልጅ እሷን የሚመስል ሰው መድረክ ላይ ስታይ ከማንም ምክር የበለጠ ይገባታል።

ኦዲሽን ላይ ምን ይታያል? ብዙ ወላጅ ልጁ ብዙ የፈተና ደረጃ ማለፍ ያለበት ይመስለዋል። በ1920 የተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ የሚሰጣቸው ደረጃዎች ጥሩ መለኪያ ናቸው፤ ይሁንና በ11 ዓመት ልጅ ላይ መምህራኑ አጥብቀው የሚፈልጉት ያለፈውን ሳይሆን ወደፊት ሊሆን የሚችለውን ነው። ጭን ከዳሌ መገጣጠሚያው ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚዞር፣ የእግር መዳፍ አጥንት ቅስት፣ የጀርባ መተጣጠፍ፣ የእጅና የእግር ርዝመት ይታያሉ። በመጨረሻው ዙር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሰውነቱን ይመረምራል። እግር ከዳሌው ካልዞረ ልጁ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ እያስገደደ ያዞረዋል፤ ከዓመታት በኋላም ጉልበቱ ይጎዳል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት «አይሆንም» የተባለ ልጅ ተናቀ ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ለባሌት አልተመቸም፤ ለዘመናዊ ዳንስ ግን በጣም ሊመች ይችላል።

የሙዚቃ ስሜትም ይታያል፤ ሐበሻ ልጆች ሳይማሩት ይዘውት የሚመጡት ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በክርስትናና በሠርግ ቤት እስክስታ ሲመታ ያደገ ልጅ ትከሻውን ከሌላው ሰውነቱ ለይቶ ማንቀሳቀስና ምት አለመልቀቅ ያውቃል። ባሌት ሌላ ሰዋስው አለው፤ ይሁን እንጂ የዘመናዊ ዳንስ ፈታኞች ልጁን በራሱ መንገድ እንዲጨፍር ሲጠይቁት ይህ እውቀት ይታያል። ወላጅ ልጁን «እስክስታውን ተወው፣ የእነሱን ብቻ ተማር» እንዳይለው አደራ እላለሁ።

ልጁን በ11 ዓመቱ ከቤት ማስወጣት ለማይፈልግ ቤተሰብ ሌላ መንገድ አለ። በዚሁ የመንግሥት ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ የላቀ ሥልጠና ማዕከላት በተለያዩ ከተሞች ይገኛሉ፤ በለንደን ትሪኒቲ ላባንና ዘ ፕሌስ፣ በኢፕስዊች ዳንስኢስት፣ በኒውካስል ዳንስ ሲቲ ይጠቀሳሉ። ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እየተማረ ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዴም በሥራ ቀን ምሽት ይሠለጥናል፤ ክፍያውም በቤተሰብ ገቢ ተሰልቶ ይቀነሳል። በበርሚንግሃም በዚህ ዓይነት ማዕከል የሕንድን ባሕላዊ ዳንሶች ካታክንና ብሃራታናትያምን ማሠልጠን ተጀምሯል። መንግሥት የሌላን ሕዝብ ባሕላዊ ዳንስ በዚህ ደረጃ መደገፉ ለእኛ ማኅበረሰብ ሊያስቀና የሚገባ ነገር ነው። ሮያል ባሌት ስኩልም ልጆች በሰፈራቸው መምህር እየተማሩ በጎን የሚከታተሉት የአሶሺየት መርሐ ግብር አለው። ሮያል ባሌት የተባለው የባሌት ቡድን ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ቻንስ ቱ ዳንስ በሚባል ፕሮግራሙ ለንደን ውስጥ ባሉ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየዞረ ልጆችን ያስተምራል። የቤተሰብ ገንዘብ ውሱን ከሆነ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የሰፈር መምህር ሲመረጥ የሙያ ማኅበር ምዝገባውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያም በላይ ግን መምህሩ ልጆችን በጣት ጫፍ የሚያስቆመው በስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠይቁ። የእግር አጥንታቸው ገና ሳይጠነክር፣ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው ጫማውን የሚያስለብስ መምህር ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምርም ይቅርባችሁ።

የምግብ ነገር አዳሪ ትምህርት ቤት ሲታሰብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። በ2023 የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም በሁለት ታዋቂ የባሌት ትምህርት ቤቶች የተማሩ ሰዎች በሰውነታቸው መጠን ምክንያት እንዴት እንደተነቀፉ ሲናገሩ አቅርቧል። በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ከሚሠራው ሥራ ያነሰ ምግብ ሲያገኝ የሴት ልጅ የወር አበባ ይቋረጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በድካም ብዛትም ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ የጤና ችግር ብሎ ስም ሰጥቶታል። ስለዚህ ጎብኚ ወላጅ ከመስተዋቱና ከወለሉ ማማር በፊት ስለ ምግብ ይጠይቅ። ልጆች ይመዘናሉ ወይ? ስለ ሰውነታቸው ማን ያናግራቸዋል? የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ ወይ? የጾም ወቅት ሲመጣስ ከልጁ የልምምድ ጫና ጋር ማን ያስተካክልለታል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከእኛ በስተቀር የሚያነሳ ስለማይኖር እኛው ማንሳት አለብን። ከዚሁ ጋር ልጅ በመካከል የሚሰናበትበትን አሠራርም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በግምገማ ተማሪ ያሰናብታሉ፤ በ14 ዓመቱ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅም አዲስ ትምህርት ቤትና ብዙ ማጽናናት ያስፈልገዋል።

በ16 ዓመት ሁለተኛ ኦዲሽን አለ፤ የገንዘቡም መንገድ ሊለወጥ ይችላል። በ1999 የተጀመረው «ዳንስ ኤንድ ድራማ አዋርድ» በተመረጡ የግል ኮሌጆች በዲፕሎማ ለሚሠለጥኑ ወጣቶች የትምህርት ክፍያንና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች መተዳደሪያን በከፊል ወይም በሙሉ ይሸፍናል። የዲግሪ ትምህርት በሚሰጡት ተቋማት ግን እንደማንኛውም ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ብድር ነው የሚማሩት። ወለድ ያለበትን ብድር በእምነታቸው ምክንያት የማይወስዱ ሙስሊም ቤተሰቦች ይህን ልዩነት ቀደም ብለው ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ገንዘብ የሌለው ልጅ በድጋፍ የት ሊደርስ እንደሚችል ከእኛው አገርም አንድ ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ ሥራ አዱኛ የዳንስ ቲያትር ተወለደ። ወጣቶቹ የሠለጠኑት ሳይከፍሉ፣ በበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የመምህርና ደቀ መዝሙር ፕሮግራም ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ። በ2009 ጁነይድና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ በሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ «ዴስቲኖ» የተባለ ትርኢት አቀረቡ። ኋላም በዚሁ ስም አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ።

ልጁ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ለሆነበት ወላጅ የቀን ነገር አስቸኳይ ነው። የዳንስ ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻ በቀጣዩ መስከረም ከመግባት ብዙ ወራት ቀድሞ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ዙር ውጤት ግን ቆይቶ ይመጣል። በእንግሊዝ ለመደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 31 ነው፤ ምደባው የሚነገረው ማርች 1 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኦዲሽኑን ተማምኖ የሰፈሩን ማመልከቻ የተወ ቤተሰብ ልጁ ሳይመረጥ ቢቀር በሰፈሩ ያለውን ጥሩ ቦታም ያጣል። ሁለቱንም ማመልከቻ በየቀናቸው አስገቡ፤ የገቢ ሰነዳችሁንም ከወዲሁ በአንድ ፋይል አዘጋጁ።