ሙቀትን የሚዳስስ መርፌ



ስልካችን ሲግል ሙቀቱ ከየትኛው ትራንዚስተር እንደመጣ በቴርሞሜትር ማወቅ አይቻልም። የሙቀት ካሜራም ብዙ አይረዳም፤ የሚቀበለው የኢንፍራሬድ ሞገድ ርዝመቱ በማይክሮሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ከዚያ ያነሰው ሁሉ ይደበዝዝበታል።

የቀረው መዳሰስ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ዊሊያምስና ዊክራማሲንግ ጫፉ የጋለ ቀጭን መርፌ በቁስ ገጽ አጠገብ አስኬዱ። ኋላ ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል የፕላቲኒየም ሽቦም ለዚሁ ዋለ። ሙቀቱ ወደ ናሙናው ሲያልፍ ሽቦው ይቀዘቅዛል፤ ሬዚስታንሱም ይቀንሳል። የሚለካው ይህ ለውጥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። መርፌው በቀጥታ የሚነግረን የራሱን ሙቀት እንጂ የናሙናውን አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎኖቹም ስለሚነኩ ብዙ ሙቀት ያጣል፤ ቦታውም በምስሉ ላይ ጥሩ አስተላላፊ መስሎ ይታያል። በዙሪያው ያለው አየርና ጫፉ ሥር የምትቋጠረው የእርጥበት ጠብታም የድርሻቸውን ይወስዳሉ። በቫክዩም ውስጥ መለካት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ኢንሻአላህ በሴሚናር ላይ እንዲህ ያለ ባለቀለም የሙቀት ምስል ስታዩ፣ አቅራቢውን በአክብሮት «የገጽታው ምስልስ የት አለ?» በሉት።