እሳት የማይለየው የሣር ቤት

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና የሚያደርሰው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። ሀዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ በዓል ወደ አገሩ እየገባ ነው። አዲስ አበባ ሲነግድ የከረመው፣ ቢሮ የሚውለው፣ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚመጣው ሁሉ ለዕረፍት የሚናፍቀው ሆቴል አይደለም። የሚናፍቀው በእንሰት የተከበበው የእናቱ የሣር ቤት ነው።

ግሪኮችም ይህን የሚመስል ልማድ አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15፣ በእመቤታችን የዕረፍት በዓል፣ አቴንስ ጭር ትላለች፤ ሰው በየደሴቱና በየባሕሩ ዳር ወዳለው የአያቶቹ መንደር ይሄዳል። በብዙ ደሴቶች የሚጠብቀው ቤት በኖራ የተለቀለቀ ነው፤ ነጩ ግድግዳ የበጋውን ፀሐይ ይመልሳል። የሀዲያና የከምባታ ደጋ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው የሚያስበው ስለ ሌሊቱ ብርድና ስለ ክረምቱ ዝናብ ነው።

ሥራው ከአንድ ካስማ ይጀምራል። ካስማው መሃል ላይ ይተከልና ገመድ ታስሮበት የቤቱ ክብ ይለካል። ዙሪያውን እንጨት ይቆማል፣ ማገር ይታሰራል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረጋል። መሃል ላይ ምሰሶው ይቆማል፤ የጣሪያው እንጨቶች ሁሉ ወደ እሱ ጫፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ሣሩ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ ንብር ሌላውን እየሸፈነ ይከደናል። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሚሾለው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ቶሎ እንዲወርድ ነው። በሣሩ አገዳዎች መካከል የታመቀው አየር ቀን ሙቀቱን፣ ማታ ብርዱን ይከለክላል። ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ግን ጸጥታው ነው፦ ዶፍ እየወረደ እንኳ ውስጥ ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጫወታሉ።

የቤቱ ትልቁ ምሥጢር ምድጃው ነው። ጭስ ማውጫ የለም። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ያደርቃል፣ ምስጡንና ነቀዙን ያባርራል። ጣሪያው ከውስጥ በጥቀርሻ ጠቁሮ የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ክዳኑ እርጥበት ይዞ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ይህን ቤት ዘግቶ ሄዶ በዓመቱ ለዕረፍት መክፈት አይቻልም፤ አንድ ሰው በየቀኑ ሊኖርበት ግድ ነው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ዋጋውንም በዓይኗና በሳንባዋ ትከፍላለች። ማድቤቱን ለብቻው ያወጡ ቤቶች መብዛታቸው ደስ ያሰኘኛል፤ በትልቁ ቤት ምድጃ ውስጥ ለክዳኑ የሚሆን ትንሽ እሳት ይበቃል።

በቀድሞው አኗኗር የቤቱ አንድ ወገን የከብት ነው። የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል፤ ፍጉ ጠዋት ተጠርጎ ወደ ጓሮው እንሰት ይሄዳል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃልና ጓሮው ውስጥ ትልቁም ትንሹም ጎን ለጎን ይበቅላል፤ ለቤቱም ከነፋስ መከታ ይሆናል።

ለበዓሉ ሴቶቹ ከወራት በፊት ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ወንዶቹ ገንዘብ አዋጥተው ሠንጋ ይገዛሉ። ከሀዲያ ማዕድ ግን ከሥጋው ይልቅ የማስቀድመው አተካናን ነው። ቡላ ከወተትና ከብዙ ቅቤ ጋር እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲቀርብ ለስላሳ ነው፣ ጥቂቱ ያጠግባል። ከበሉ በኋላ ምድጃው ዳር ጋደም ማለት፣ ከበዓሉ ቀናት በአንዱ ደግሞ ዱራሜ አጠገብ ወዳለው ወደ ሀምበሪቾ ተራራ ሄዶ 777ቱን ደረጃ መውጣት ነው፤ ከዚያ ላይ የእርሻው ማሳ ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል።

ያ ማሳ ለሣር ቤቱ አስጊ ነው። አካባቢው በአገሪቱ እጅግ ሰው ከሚበዛባቸው ገጠሮች አንዱ በመሆኑ ግጦሹ ታርሷል፣ የክዳን ሣር ማግኘት ከብዷል። ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብም በብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች በየመንደሩ ቆመዋል። ልጅ ለእናቱ ጥሩ ቤት መሥራቱ የሚያስከብረው ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ አዲሱ ቤት ከፊት ይቆምና የሣሩ ከኋላ ይቀራል፤ እንግዳው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቡና ከጠጣ በኋላ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ወደ ኋላው ቤት፣ ወደ እሳቱ ይሰበሰባል።

በዓሉ ሲያልፍ ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ መኪናው ላይ ይጫናል። የፊቱ ቤት ይቆለፋል። በማግስቱ ጠዋት በመንገዱ ለሚያልፍ ሰው ከኋላው ቤት ክዳን ላይ ጭስ ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል።