ፊደል ገበታ በፖሊ ግቢ

በጣና ዳሯ ደልጊ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጸሐፊዋ ከዓመታት በፊት የታተመ ባለ አራት ገጽ ውል ከጎኗ አስደግፋ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ትመታለች። ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ባለጉዳዩ በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል። ፎቶ ግን ፎቶ ነው፤ አንዲት ቃል አይታረምበትም፣ ስም ተፈልጎ አይገኝበትም። ስለዚህ እሷ ትመታለች፣ እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ይህን ድካም ማስቀረት የሚችለው ምርምር ከዚያው ከጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ላይ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውቲንግ ፋኩልቲ የሚገኘው የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ» በሚለው ግቢ ነው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ፖሊቴክኒክ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛው «ፔዳ» ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኮምፒውተር ሳይንስ ሲባል ላፕቶፕ መጠገን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። የኔትወርክ፣ የደኅንነትና የሶፍትዌር ምርምር በየትኛውም አገር ያለው ዓይነት ነው። ባሕር ዳርን የሚለየው የቋንቋ ሥራው ነው፦ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፍ የአማርኛ ጥላቻ ንግግርን ለይቶ ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሽን ፊደል እንዲያነብ ማስተማር። የኋለኛው በሙያው ሰዎች ዘንድ ኦሲአር ይባላል። ከሚገባው በታች የሚወራለትም እሱ ነው።

ይህን ሥራ የሚከተለው አንድ የቆየ ስህተት አለ፦ «ፊደላችን በጣም ስለበዛ ለማሽን አይመችም» የሚለው። ስህተቱ ከጽሕፈት መኪና ዘመን የመጣ ነው። ያኔ እውነትነት ነበረው፤ በጥቂት ቁልፎች ላይ ያን ሁሉ ፊደል መደርደር አይቻልም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ መኪናቸውን ሲሠሩ ፊደሉን ቆራርጠው መቀጠል ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ግን የቁልፍ ጥበት የለበትም። እንዲያውም የፊደል ገበታው አደራደር እንደ ኮምፒውተር ያለ ቆጣሪ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል።

በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ፣ የሀ ቁጥር 4608 ነው። ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ በስምንት ስምንት ያድጋል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው ቦታ እንደ ሏ እና ሟ ላሉት። ሞ 4638 ነው። 4608 ቀንሱለት፣ 30 ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። ሦስት ረድፍ ዘልሎ አራተኛው መ ነው፤ ስድስት ቤት ዘልሎ ሰባተኛው ሳብዕ ነው። ገበታው ተሰቅሎለት ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሰንጠረዥ ቁጥር ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረቡት ጥናት የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጥናቱ በባሕር ዳርና በጀርመኑ ካይዘርስላውተርን መካከል የተሠራ ነው። ቨን ጨምሮ 34 ረድፍ በ7 ቤት ሲባዛ 238 ፊደል ይሆናል። ማሽኑ እያንዳንዱን ለብቻው ከማጥናት ይልቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንዲመልስ ተደረገ፦ ይህ ምስል የየትኛው ረድፍ ነው? ስንተኛው ቤት ነው? 34 እና 7፣ በድምሩ 41 መልስ። ቡ ላይ የምትወጣውን ቅጥያ ያወቀ ማሽን ሉ እና ሹ ላይም ያውቃታል። ብዛት የተባለው ሁሉ ሥርዓት ነበር።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ከወጣው በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሸጋገራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በየረድፉ አንድ ቤት እየወረደ። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስበት በዜማ መሸምደድ አይሆንለትም፤ ዐይኑ ፊደሉን ራሱን መለየት አለበት። ዛሬ ተመራማሪዎች ማሽኑ ቅደም ተከተሉን እንዳይሸመድድ የመማሪያ ምስሎቹን ይበውዛሉ።

የዚያው ቡድን ሌላ ሥራ 337,337 የአማርኛ መስመር ምስሎችን የያዘ ስብስብ ነው። ከእነዚህ 40,929ኙ ከእውነተኛ የታተመ ወረቀት ተቀድተዋል፤ የቀሩት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ቅርጸ ፊደል በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ንጹሕ በሆነው የቪዥዋል ግዕዝ ምስል ማሽኑ የሳተው ከመቶ ፊደል 2.28ቱን ብቻ ነበር፤ በእውነተኛው ወረቀት ግን 8.54 ደረሰ። ልዩነቱን የሚያመጣው የቀለም መፍዘዝ፣ የወረቀት መታጠፍና የስካን መንጋደድ ነው። ሰነድ አጣጥፎ፣ አጋድሞ፣ በጥላ ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ፊደል በዘፈቀደ እየመረጠ የሚጽፍም እንዲሁ። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ፤ ጸ ወይም ፀ፣ ከዚያም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፤ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይወጣዋል። ባንዱ የጻፈውን በሌላው የፈለገ ሰው ሰነዱን አያገኝም። ተመራማሪዎች ሞክሼዎቹን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት፣ ወደ አንድ በመመለስ ፍለጋውን ያቀሉታል፤ ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት ነው፤ ፊደሉ ሲቀላቀል ሁለቱ አንድ ቃል ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ብርሃኑና ባልደረቦቹ ወደ እጅ ጽሑፍ ተሻገሩ። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ 1,700 ያህል ገጾች ወደ 80,000 የሚጠጉ መስመሮች ተለቅመው፣ በሰው ተነብበውና ታርመው ተመዘገቡ። ማሽኑ የተማረው በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ነበር። ከዚያው ዘመን በተወሰዱ የፈተና መስመሮች ከሰው አንባቢዎች በልጦ አነበበ። ከዚያ 16,000 ያህል የ18ኛው ክፍለ ዘመን መስመር ቀረበለት፤ ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ያላየው የጸሐፍት እጅ ነው። እዚህ ብልጫው ጠፋ፤ ሰውና ማሽን ተቀራራቢ ውጤት አመጡ።