አበዳሪ የተበዳሪን ገቢ እንዴት ይመዝናል?



በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን እየተባለ በሚጠራው ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃና ልብስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴና በዚያው ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ሁለቱም ቤት ለመሥራት ከባንክ ብድር ጠየቁ እንበል። የነጋዴው የሳምንት ገቢ ከጸሐፊው የወር ደመወዝ ይበልጥ ይሆናል። ሆኖም ጸሐፊው ተፈቅዶለት ነጋዴው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ይህም የሚሆነው አበዳሪ የሚመረምረው የገቢን ብዛት ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ገቢው በማስረጃ የታየ፣ ከግዴታ የተረፈና ሳይቋረጥ የሚቀጥል መሆኑንም ይመረምራል።

መጀመሪያ ስለ ማስረጃው እንመልከት። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ጸሐፊው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያቀርባል። ነጋዴው ግን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሒሳብ መዝገብና የባንክ ሒሳቡን እንቅስቃሴ ይጠየቃል። ለግብር ሰብሳቢው ትንሽ አሳውቆ ለባንኩ ብዙ አገኛለሁ የሚል ነጋዴ ከገዛ ራሱ ቃል ጋር ይጋጫል።

ሁለተኛው ትርፉ ነው። የጸሐፊው ደመወዝ 12,000 ብር ቢሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 2,250 ብር ግብር ይከፍላል፤ ለጡረታም 7 በመቶ፣ ማለት 840 ብር ይቀነስበታል። እጁ የሚገባው እንግዲህ 8,910 ብር ነው። ባንኮች የየራሳቸው መለኪያ ቢኖራቸውም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶው እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ እኛም ለምሳሌያችን ሲሶን እንያዝ። የ8,910 ብር ሲሶ 2,970 ብር ነው። ጸሐፊው ለቁጠባና ብድር ማኅበር በየወሩ 970 ብር ዕዳ የሚከፍል ከሆነ፣ ለአዲሱ ብድር የሚተርፈው 2,000 ብር ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የገቢው ዘላቂነት ነው። የውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዛሬ ተገኝተው ነገ ሊቀሩ ስለሚችሉ አበዳሪው እንደ ደመወዝ አያምናቸውም። ዕድሜም ይቈጠራል። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ስለሆነ፣ የ40 ዓመት ሰው 20 የደመወዝ ዓመታት ሲቀሩት የ50 ዓመት ሰው 10 ብቻ ይቀሩታል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ በየወሩ 2,000 ብር ለ10 ዓመት የሚከፍል ሰው 124,000 ብር ያህል ሊበደር ይችላል፤ ለ20 ዓመት የሚከፍለው ደግሞ 152,000 ብር ያህል። እንግዲህ 28,000 ብር ለመጨመር ሲባል ተጨማሪ 240,000 ብር ይከፈላል ማለት ነው። ረጅም ጊዜ ወርኃዊውን ሸክም ቢያቀልም ጠቅላላውን ዕዳ እንደሚያከብድ ከዚህ እንረዳለን።

ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ወደሚሰጡ ባንኮች ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን በዚያም ቢሆን የመክፈል ችሎታው ከመመርመር አያመልጥም።

አንዳንድ ሰዎች በደላላ ምክር ደመወዝን አብዝቶ የሚያሳይ ደብዳቤ ለማጻፍ ይፈተናሉ። ይህ ወንጀል ከመሆኑም በላይ የሚጎዳው ተበዳሪውን ራሱን ነው። ምክንያቱም ደብዳቤው የብድሩን መጠን ያሳድጋል እንጂ ደመወዙን አያሳድግም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀርና በውሉ ሲፈቀድ፣ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው የፈረመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሚስትና ልጆችም ከደጅ ይወድቃሉ።

ስለዚህ፣ አንባቢያን ሆይ፣ ወደ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እጃችሁ የሚገባውን ገንዘብ፣ ያለባችሁን ዕዳና የቀራችሁን የሥራ ዘመን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኞች ከሆኑ ገቢያቸውን አስተባብረው ማቅረብ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ነጋዴም ቢሆን የዕለት ሽያጩን በባንክ ማስገባትና መዝገብ መያዝ ብድር ባሰበበት ቀን ሳይሆን ከዓመታት በፊት የሚጀምረው ሥራ ነው። የአበዳሪው ጥያቄ አድካሚ መስሎ ቢታይም፣ ያንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ለራሱ ያቀረበ ሰው ከአቅሙ በላይ አይበደርም።