ሰው ሰውን ሲመረምር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንፍራንዝ በደረሰ ጊዜ፥ ከከተማው አጠገብ በኮረብታ ላይ የቆመውን የጉዛራን ግንብ ሳያይ አያልፍም። ከዚያ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው የጣና ሐይቅ ከነሜዳው ተዘርግቶ ይታየዋል። ዛሬ ልጆቻችን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩትን፥ ፈረንጆች አንትሮፖሎጂ፥ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ሥነ ሰብእ የሚሉትን ትምህርት ከዚሁ ኮረብታ ሥር ሆነን ለውድ አንባብያን ልናስረዳ እንወዳለን። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ልጃቸው ለዕረፍት ተመልሶ፥ «እኔ የምማረው የሰውን ልማድ ነው» ሲላቸው፥ «ልማድማ በእናትህ ጉያ የተማርኸው አይደለምን? ለዚህስ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ?» ብለው የሚመልሱ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ልማድ በእናት ጉያ የሚገኝ እንጂ በደም የማይወረስ መሆኑ የዚህ ትምህርት ዋና መሠረት ስለ ሆነ፥ ወላጆቹ ሳያውቁት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስተምረዋል ማለት ነው።

አንትሮፖስ በግሪክ ቋንቋ ሰው ማለት ነው። ትምህርቱን በአራት ክፍል ማስተማር በአሜሪካ አገር የተለመደ ሲሆን፥ ለዚሁ ሥርዓት መስፋፋት ፍራንዝ ቦአስ የተባለው ሊቅ ብዙ ደክሟል። ከአራቱ አንዱ የሰውን አካልና አጥንት ይመረምራል። በዚህ ረገድ አገራችን በዓለም የታወቀች ናት። በ1974 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በሚባለው ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ስትሆን፥ ከአካሏ አጥንት ከመቶው አርባው እጅ ያህል ተገኝቶላታል፤ በሁለት እግር ቆማ ትሄድ እንደ ነበረም አጥንቷ ይመሰክራል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲቂቃ ሰላም የተባለችውን ሕፃን አግኝተዋል። ይህ ነገር ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር እንዴት ይስማማል ብሎ የሚጨነቅ ቤተ ሰብ እንዳለ እናውቃለን። እኛ በዚህ ጽሑፍ ያንን ለመፍታት አልተነሣንም፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ መሄድ የፈለገ ይሂድ። ነገር ግን አጥንቱን ያላየ ሰው አጥንቱ የለም ሊል አይገባውም።

ሁለተኛው ክፍል በምድር የተቀበረውንና የፈረሰውን እየቈፈረ ያለፈውን ሕይወት የሚፈልግ ነው። ጉዛራን ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563—1597) እንደ ሆኑ አገሬው ከአባቶቹ ሰምቶ ይናገራል። አንዳንድ ሊቃውንት ግን ግንቡ በኖራ መሠራቱን አይተው፥ ኖራ በአገራችን የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው ከሚለው ከኢየሱሳውያኑ ካህን ከአልሜይዳ ጽሑፍ ጋር በማስተያየት፥ ዘመኑን ወደ ታች ዝቅ ያደርጉታል። እንዲህ ሆኖ አንድ እፍኝ ኖራ ከአንድ አገር ትውፊት ጋር ሲሟገት ይኖራል።

ሦስተኛው ክፍል ቋንቋን የሚመለከት ነው፤ ለዚህም ከጣና ዳር የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም። በሐይቁ ዙሪያ ወይጦ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ደንገሉን አጭደውና አስረው ታንኳ የሚሠሩ፥ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ፥ ቀድሞ ጉማሬ በማደን የታወቁ ናቸው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ በዚህ አገር በነበረበት ጊዜ፥ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጻፈ እንጂ ከቋንቋው አንዲት ቃል እንኳ መዝግቦ አላስቀረልንም። ኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ገለጠ። በእነዚህ 130 በሚያህሉ ዓመታት ውስጥ አንድ ቋንቋ፥ ከነተረቱ፥ ከነዘፈኑ፥ እናት ልጅዋን ከምታባብልበት ቃል ጋር ጠፋ ማለት ነው። የኩሽ ወገን ይሁን ሌላ፥ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወረቀትና ቀለም የያዘ አንድ ሰው በዚያ ዳርቻ ጥቂት ወር ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልጠፋ ነበር እያልን እንቈጫለን።

አራተኛውና ለቤተ ሰብ የሚቀርበው ክፍል ስለ ባህል የሚመረምረው ነው። ባህል የሚለው ቃላችን «ብህለ»፥ አለ፥ ተናገረ፥ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ እንግዲህ ባህል ማለት በመጀመሪያው ትርጉሙ ሲባል የኖረ፥ ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 ዓ.ም. ለዓለም የሰጠው ፍቺ ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ እርሱም ዕውቀትን፥ እምነትን፥ ኪነ ጥበብን፥ ሕግንና ልማድን ሁሉ፥ ሰው ከሰው ጋር በመኖሩ የተማረውን በሙሉ፥ በአንድ ስም ጠቅልሎታል። ባለሙያ እመቤት እንጀራ ስትጋግር እጅዋ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እንግዲህ ባህል ነው፤ ታላቅን ቆሞ መቀበልም እንደዚሁ።

ባህል ግን እንደ ጉዛራ ድንጋይ የቆመ አይደለም። በጾም ቀን ያለ በርበሬ የተሠራ ሽሮ በየትኛው ቤት ይቀርባል? በርበሬ ግን በመጀመሪያ የበቀለው በአሜሪካ ምድር ሲሆን፥ ኮሎምቦስ በ1492 ዓ.ም. ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ቀረው ዓለም የመጣው። በቆሎም እንዲሁ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ የባሕር ማሽላ መባሉ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። «የአባቶቻችን ወጥ» ከምንለው ውስጥ ለጥንት አባቶቻችን እንግዳ የነበረ ነገር አለበት፤ ወጡ ግን በዚህ ምክንያት የእኛ መሆኑ አልቀረም።

የእንፍራንዝን ባህል ከውጭ ያየው ሰው ብዙ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፥ ዐፄ ኢያሱን ለማከም መጥቶ በ1700 ዓ.ም. እንፍራንዝን ባየ ጊዜ፥ የጥርኝ ነጋዴዎች የሚበዙባት፥ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው የሚኖሩባት ደስ የምታሰኝ ከተማ ሆና አግኝቷታል። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው ሐተታ የተባለው የግእዝ መጽሐፍም ጸሐፊው በእንፍራንዝ ይኖር እንደ ነበረ ይናገራል፤ መጽሐፉን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ መነኩሴ ነው በሚል ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ጸሐፊው ማንም ይሁን፥ ሰው ሁሉ ከአባቱ የተቀበለውን ብቻ እውነት ነው የሚለው ስለ ምንድር ነው ብሎ መጠየቁ የዚህን ትምህርት ሰዎች ዛሬም ይማርካቸዋል።

ይሁን እንጂ መርማሪው ሁልጊዜ ንጹሕ እጅ ይዞ አልመጣም። በማርሴል ግርዮል የሚመራው የፈረንሳውያን ቡድን ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ በ1932 ዓ.ም. ጎንደር ደረሰና ብዙ ወራት ተቀመጠ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ፥ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት ስለ ዛር ልማድ የጻፈው ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ የሚጠቀስ ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ከጎንደር የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የጥንት ሥዕሎች ከግድግዳ ወርደው፥ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ በስፍራቸው ተተክቶ፥ እውነተኞቹ ወደ ፓሪስ ተወሰዱ። ዛሬ የኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ንብረት ሆነው ይገኛሉ። ቡድኑ ሥዕሎቹን ከእርጅና አድነናል ይል ነበር። እኛ ግን ምእመኑ ሲሳለመው የኖረውን ሥዕል ወስዶ አዲስ ቅጂ መተካት ማዳን መሆኑ አይገባንም፤ ሥዕሉን ለማደስ የሚችል እጅ በዚያው በጎንደር እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻል ነበርና። ሌሪስ በ1934 ዓ.ም. ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ ቡድኑ በመንገዱ ዕቃ እንዴት ይሰበስብ እንደ ነበረ ብዙውን ሳይደብቅ ስለ ጻፈ፥ ከግርዮል ጋር ተቀያየመ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተሻሽሏል። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በ1950ዎቹ ዓመታት የኤትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው የየአገራቸውን ሠርግ፥ ለቅሶና እርሻ ራሳቸው እየጻፉ በመጽሔት አሳተሙ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ መዘክሩም በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለሕዝብ አገልግለዋል። ተማሪዎቹ የጻፉት ጽሑፍ፥ መርማሪውና ተመርማሪው የአንድ ቤት ልጆች ስለ ሆኑ፥ ፈረንጅ በዓመት የማይደርስበትን ነገር በአንድ ገጽ ሲናገር ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ የራሱን ቤት ስለሚያሳምር በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ስለዚህ ልጅዎ በክረምት ደብተር ይዞ ወደ ጣና ዳር ወርዶ፥ ደንገሉ በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፥ ታንኳው ስንት ቀን እንደሚደርቅ ሽማግሌዎቹን ቢጠይቅ፥ ሥራ ፈትቷል አይበሉት። ሽማግሌዎቹም ከመመለሳቸው በፊት፥ «ይህ የምትጽፈው ሲያልቅ ለእኛ ይነበብልናልን? ደብተሩስ ማን ዘንድ ይቀመጣል?» ብለው ቢጠይቁት፥ መልስ አዘጋጅቶ ይሂድ።