የትኛው ዲግሪ፣ የትኛው ሥራ?

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነብ አዲስ ተመራቂ ዓይኑ ቀድሞ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የትምህርት መስኩንና «0 ዓመት» የሚለውን የሥራ ልምድ።

በዚህ በኩል አካውንቲንግ ያጠና ሰው ዕድሉ ሰፊ ይመስላል። ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሒሳብ የሚይዝ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ችግሩ የተፎካካሪው ብዛት ነው፤ ማስታወቂያው «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ተመሳሳይ» ስለሚል ለአንድ ቦታ የሦስት የአራት ትምህርት ክፍል ምሩቅ ይሰለፋል።

የሕግ በር ጠባብ ቢሆንም የራሱ ነው። የአምስት ዓመቱ ዲግሪ ለዐቃቤ ሕግነትም ለነገረ ፈጅነትም ያበቃል፤ ለጥብቅና ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ነርስና ፋርማሲስትም ያለ ሙያ ፈቃድ አይሠሩም።

ምህንድስናስ? ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በ70/30 ምደባ ከመቶ 70 ያህሉን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመላክ አቀደ። የተመራቂው ቁጥር ግን ከፋብሪካውና ከግንባታው ፍላጎት ቀድሞ አደገ፤ «መሐንዲስ ሥራ አያጣም» ይሉ የነበሩ ወላጆችም ሳይደነግጡ አልቀሩም። በተለይ የሲቪል መሐንዲስ እንጀራ ከግንባታው ጋር የታሰረ ነው፤ ሲሚንቶ ሲጠፋ ቅጥሩም ይቀዘቅዛል።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በየመስኩ የመውጫ ፈተና ተጀምሯል። ቀድሞ በሕግ ተማሪዎች የተለመደው ይህ ፈተና 50 ከመቶ ይጠይቃል፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም፣ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል።